አዱኛን ሁለቴ ያስገባሁበት ቀን

ወዳጄ፣ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ፤ እኔ ዘለቀ ጋኔን አለ፣ የቀትር ሰው አለ፣ ጥላው የከበደ ቦታ አለ ሲሉኝ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ የደብር መቃብር ቆፋሪ ነበር፣ ልጅ ሆኜ አብሬው ስቆፍር ከአፈርና ከድንጋይ በቀር ሲወጣ ያየሁት ነገር የለም፣ ከደጋ ወደዚህ ቆላ ስወርድም «የመተማ ጋኔን እንደ ትንኝ ነው» ብለው ሊያስቀሩኝ ሲሞክሩ፣ «ትንኙ ይበቃኛል» ብያቸው ወርጃለሁ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «አንተ ሰውዬ እኮ መልአክ ደጃፍህ ቢቆም መታወቂያ አምጣ ትለዋለህ» ትለኝ ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ እኔም ማመን አለማመኔን አላውቀውም፣ ይኸው ሸምግዬም ነገሩ ግራ እንዳጋባኝ ነው፣ ምናልባት አንተ ስትሰማው አንድ ቀላል ነገር ይታይህና «እንዲህ ነው እኮ፣ አንተ ሞኝ ሽማግሌ» ትለኝ ይሆናል ብዬ ነው፣ ብትለኝ ደስታውን አልችለውም።

ጊዜው የደርግ ነው። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥጥና ሰሊጥ የሚዘራበት የመንግሥት እርሻ ነበር፣ እኔ የግቢው ጥበቃ ነበርኩ። በግቢው ውስጥ ከሁሉ የሚፈራው ቤት የመድኃኒት ማከማቻው ነው፣ መድኃኒት ስልህ የሰው አይደለም፣ የጥጥ ትል የሚገድል፣ በበርሜል የሚመጣ፣ ሽታው ከሩቅ አናት የሚበጠብጥ መርዝ ነው። ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና አንድ የብረት በር አለው፣ መስኮት የሚባል የለውም፣ ከጣሪያው ሥር እጅ የማያስገባ ቀዳዳ ተደርድሮለታል እንጂ ድመት እንኳ ከበሩ ሌላ መግቢያ የላትም። ከዚያ ቤት በርሜል እየወጣ ሱዳን ተሻግሮ ይሸጣል የሚል ወሬ ተነሣ። ከዚያ በፊት ናፍጣ ጎደለ ተብሎ አንድ መካኒክ የእርሻው ካድሬ በላንድሮቨር ይዞት ሄዶ ነበር፣ ሚስቱ ስንቅ ቋጥራ ጎንደር ድረስ ብትመላለስ «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም» እያሉ መለሷት፣ በቃ፣ እንደ ወጣ ቀረ። ስለዚህ ማከማቻው ውስጥ አንድ ነገር ቢዛነፍ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን፣ «አሻጥር» ይሉታል፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም።

ፈረንጁ የመጣው ያኔ ነው። ከሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ከርከዴ በማንቆርቆሪያ አስቀምጦ የሚጠጣ ሰው ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። በማከማቻው በር አናት ላይ ካሜራ ሰቀለ፣ ከካሜራው ሽቦ ስቦ እኔ ዋናው በር ላይ ከምቀመጥበት ክፍል ትንሽ ቴሌቪዥን አስቀመጠ፣ ልብ በልልኝ፣ ከኔ ወንበር ሆኖ ማከማቻው በዓይን አይታይም፣ የወርክሾፑ ግድግዳ ይጋርደዋል፣ የማየው በቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን የአምፖል ሰሌዳ ሠራ፣ መግባት ለተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች ደግሞ ካርድ አደለ፣ ሰውየው ካርዱን በሩ አጠገብ ካለው ስንጥቅ ሲያስገባ እኔ ዘንድ የእሱ አምፖል ትበራለች፣ ደወሉን ሲጫን ይጮኻል፣ እኔ ቀይዋን ቁልፍ ስጫንለት በሩ ይለቅለታል፣ ከገባ በኋላ በሩ በራሱ ክብደት ይዘጋል። አወጣጡም እንደዚያው ነው፣ ከውስጥ ድምፁ እንደ ታፈነ ንብ የሚል ሌላ ደወል አለ፣ እሱ ሲጮኽ እኔ ቀይዋን ካልተጫንኩ የገባው ሰው እዚያው ይቀራል።

ፈረንጁ በአስተርጓሚ እየደጋገመ ያስጠናኝ አንዲት ነገር ናት፤ «አምፖሏ ብቻ ብትበራ አትክፈት፣ ካርድ ይሰረቃል። ፊቱ ብቻ ቢታይህም አትክፈት፣ የምታውቀው ሰው ሁሉ የተፈቀደለት አይደለም። ሁለቱ ሲገጥሙልህ ግን ክፈት።» ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ስለማይገባኝ በየአምፖሉ ሥር ክር አሰርኩ፣ ቀዩ የአዱኛ፣ አረንጓዴው የኃላፊው፣ ሌላውም እንዲያ እንዲያ እያለ፣ በዚህ ደግሞ ተሳስቼ አላውቅም፣ እመነኝ፣ አንድም ቀን።

አሁን የዚህን አገር ነገር ታውቃለህ፣ በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆምና ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ከደጅ ቢጠሩህ በመጀመሪያው «አቤት» አይባልም፣ በሁለተኛውም አይባልም፣ ሦስተኛውን ትጠብቃለህ፣ ያኛው፣ የቀትሩ ሰው፣ ሁለቴ መጥራት ይችላል እንጂ ሦስተኛው አይሆንለትም ይላሉ። የኛ ሰዎች ይህንኑ ወደ ፈረንጁ ደወል አመጡታ! በቀትር ሦስቴ ሳይደውል የሚቆም ሰው እንደ ባለጌ ይታያል፣ በፈረቃ የሚተካኝ ጥበቃ የጎጃም ሰው ነበር፣ እሱማ ሦስተኛውን ሳይሰማ ቀይዋን ቢገድሉት አይነካትም። ፈረንጁ «አንዴ ይበቃል፣ ሰው ለምን ፀሐይ ላይ ታቆማላችሁ» እያለ ይጮኻል፣ አስተርጓሚው ምክንያቱን መናገር አፍሮ «ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል» ብሎ ተረጎመልን። እኔ ሳቄ ነበር የሚመጣው፣ አምፖልና ፊት ከገጠሙልኝ በመጀመሪያው እከፍታለሁ፣ ደንቡ ይኸው ነው።

አዱኛ የማከማቻው ሠራተኛ ነበር፣ ጓደኛዬም ነው፣ እንደኔ ከደጋ የወረደ። ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም፣ ስለዚህ የምሩን ይሁን የቀልዱን ጥሩ የምትባለው ሚስቱ እንኳ ለይታ አታውቅም። ካሜራው ፊት በቆመ ቁጥር ምላሱን ያወጣልኛል፣ እኔም እዚህ ብቻዬን ተቀምጬ እስቃለሁ። በቀትሩ ነገር ግን አይቀልድም፣ ሦስቴ ይደውላል፣ በፊቴም «አያ ዘለቀ፣ አንድ ቀን ሳታውቀው የማይሆን ነገር ታስገባለህ» ይለኛል፣ እኔም «ካርድ ካለው ይግባ» እለዋለሁ።

ያን ዕለት ጠዋት የጣሳ ክዳን የቀኝ መዳፉን ሸረከተውና ደሙን እያንጠባጠበ መጣ። ከሽርጤ ጫፍ ቀድጄ አሰርኩለት፣ ያሰርኩት ደግሞ የጆንያ አፍ በምቋጥርበት ቋጠሮ ነው፣ ጥበቃ ከመሆኔ በፊት ሥራዬ የሰሊጥ ጆንያ መቋጠር ነበር፣ ያ ቋጠሮ በቢላ ካልተቆረጠ በአንድ እጅ የሚፈታ አይደለም። «እጄን ነው ያሰርከው ወይስ ልትጭነኝ ነው?» አለኝ። ቀትር ሲሆን፣ ሠራተኛው ለዕረፍት ሲበተን፣ በኔ በር በኩል ወጣ፣ ፎጣውን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ፣ መንገድ ዳር ካለችው ገበያ ደርሼ ልምጣ አለኝ፣ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ያ ግቢ ደግሞ ሌላ በር የለውም፣ ዙሪያው ሽቦ ነው።

ግቢው ጭር አለ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ አናቴን ይጫነኛል፣ ከመንገዱ ማዶ ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ፊታቸውን ሸፍነው ተኝተዋል፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፣ ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ስላሉ አስቀድሜ ልንገርህ፣ አልወሰደኝም፣ ሽርጤን የቀደድኩበትን ጫፍ እየሰፋሁ ነበር። ደወሉ ጮኸ። አንዴ። ቀና ስል ቀይ ክር ያለባት አምፖል በርታለች። ቴሌቪዥኑን አየሁት፣ አዱኛ ነው። ፎጣው ጭንቅላቱ ላይ፣ ሸሚዙ ያው፣ ፊቱን ወደ ካሜራው ቀጥ አድርጎ ያየኛል። ምላሱን አላወጣም፣ ዝም ብሎ ያያል፣ እስኪያውቁት እንደሚጠብቅ እንግዳ። ሁለቱ ገጥመዋል አይደል? ተጫንኩለት። በሩን ገፍቶ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

መርፌውን ሁለት ሦስቴ ከሳብኩ በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ ይህ ሰው በየት በኩል ገባ? ሲወጣ አይቻለሁ፣ ሲመለስ አላየሁም። አጎንብሼ እያለሁ አልፎ ይሆናል አልኩ፣ ግን በኔ በር ለማለፍ መግቢያው ላይ የተጋደመው ግንድ መነሣት አለበት፣ ግንዱን የማነሣው እኔ ነኝ። እሺ፣ ከሥሩ ሾልኮ ይሆናል አልኩ፣ አዱኛ ነው፣ ሊያስደነግጠኝ ያደርገዋል። እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ከበር በኩል «አያ ዘለቀ! ኧረ ግንዱን አንሣልኝ፣ እጄ ሞልቷል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አዱኛ ነው። ሐብሐብ ታቅፎ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ መዳፉ በኔ ሽርጥ እንደ ታሰረ።

እኔ ግንዱን ማንሣት ረስቼ ቆምኩ።

«ምነው፣ ሞቼ ተነሣሁ እንዴ? ፊትህ ተለዋወጠ» አለኝ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከገበያ ነዋ። ይህን ሐብሐብ ከሴትየዋ ጋር ተጣልቼበት ነው ያመጣሁት፣ አትመልከተው፣ ላንተ ቁራሽ ብቻ ነው የምሰጥህ።»

«ካርድህ የታለ?»

በአንገቱ ካንጠለጠለው ክር መዝዞ አሳየኝ። ግንዱን አነሣሁለት፣ ገብቶ ሐብሐቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ሰውዬ፣ ወባ ይዞሃል መሰለኝ» ብሎ በእጁ ጀርባ ግንባሬን ሊነካ ሲል፣ ያ እንደ ታፈነ ንብ የሚለው የውስጡ ደወል ጮኸ። አንዴ። ሁለታችንም ሰማነው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ልብ በል፣ ሁለታችንም።

አዱኛ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። «ማነው ውስጥ ያለው?» አለኝ።

«አንተ ነህ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም፣ የሱም ሳቅ መሃል ላይ ቆመ። አንድ ባንድ ነገርኩት፣ ቀዩ ክር መብራቱን፣ ፎጣውን፣ ፊቱን። ሲሰማኝ ከንፈሩ ደረቀ። «ስንት ጊዜ ደወለ?» አለኝ፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው። «አንዴ» አልኩት። «እና ከፈትክለት» አለኝ። «ሁለቱ ገጥመዋል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» አልኩት፣ ዛሬም ቢሆን የምለው ይህንኑ ነው።

«ሄጄ ለካድሬው ልንገር» ብዬ ስነሣ ክንዴን ያዘኝ። «ምን ብለህ? አዱኛ ገብቷል፣ አዱኛ ደግሞ እዚህ ቆሟል ብለህ? አያ ዘለቀ፣ በኔ ካርድ ነው የተገባው። ካርዱን ለሌላ ሰጠ ነው የሚሉኝ። የመካኒኩን ሚስት ረሳሃት? የኔም ጥሩ ስንቅ ተሸክማ ጎንደር ለጎንደር ትዙር?» እውነቱን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ውስጥ ያለው ሰው ከሆነ፣ መልኩ የሚመሳሰል ሌባም ይሁን ማንም፣ በዚያ ሙቀት በዚያ መርዝ ታፍኖ ብዙ አይቆይም፣ ሬሳ ከወጣ ደግሞ ሁለታችንም አለቅን።

«እኔ እገባለሁ» አለ አዱኛ። «አንተ ከዚህች ቁልፍ እንዳትነሣ። ይዤው ስመጣ ሦስቴ እደውላለሁ። ስማኝ፣ ሦስቴ። ከሦስት በታች ከሆነ እኔ አይደለሁም፣ እንዳትከፍት።»

«ታፍነህ ብትወድቅስ?»

«እስከዚያ እደውላለሁ» አለና ፎጣውን ከጭንቅላቱ ፈትቶ አፍና አፍንጫውን አሰረ፣ ሄደ።

በቴሌቪዥኑ ጠበቅኩት። መጣ። ካርዱን አስገባ፣ ቀዩ ክር በራ፣ ፎጣውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ፊቱን አሳየኝና ምላሱን አወጣልኝ፣ በዚያ ጭንቅ መሃል፣ እኔ መሆኔን እወቅ ለማለት ነው። ሦስቴ ደወለ። ተጫንኩለት። በታሰረው እጁ በሩን ገፍቶ ገባ፣ የሽርጤን ጨርቅ በቴሌቪዥኑ ላይ አየሁት፣ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ዝም። ጄኔሬተሩ ብቻ ያጓራል። ጣቴ ቀይዋ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየኝ የተዘጋ በር ብቻ ነው፣ ካሜራው ከውጭ እንጂ ከውስጥ የለም፣ ፈረንጁ ከውስጥ ምን ሊያይ ብሎ ያስገባ? ቆየ፣ በጣም ቆየ። ከዚያ የውስጡ ደወል ጮኸ፣ አንዴ። ጠበቅኩ። ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ሳለ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ጆሮዬን በጠሰው፣ የካድሬው ላንድሮቨር ነው፣ አፍንጫውን ግንዱ ላይ አድርጎ ቆሟል፣ ሾፌሩ ጡሩምባውን አይለቅም።

ምን ታደርጋለህ? ሮጬ ወጣሁ፣ ግንዱን አነሣሁ። ካድሬው በመስኮት ብቅ ብሎ «ጓድ ዘለቀ፣ ምነው ዘገየህ?» አለኝ።

«ሽንቴ ወጥሮኝ ነው ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሁሉ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው ጓድ።»

ፊቴን ትንሽ አየና አለፈ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ አቧራው አፌን እየሞላው ወደ ቢሮው ሄደ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ስወድቅ የውስጡ ደወል ጮኸ። እንግዲህ ፍረደኝ። እኔ የሰማሁት ሁለት ነው። በመሃሉ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ጡሩምባው ሲጮኽ፣ እኔ ደጅ ሳለሁ፣ ሌላ ተደውሎ ከሆነ ሦስት ይሆናል። ካልተደወለ ሁለት ነው። ቀጣዩን ልጠብቅ? ካድሬው በግቢው ውስጥ ነው፣ አሁን ተነሥቶ ማከማቻውን ልይ ቢል አልቀናል፣ አዱኛም ታፍኖ የመጨረሻውን ደውሎ ወድቆ ይሆናል። ጠበቅኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፣ ጸጥ አለ። ተጫንኩ።

በሩ ተከፈተ፣ አንድ ሰው ወጣ። አንድ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ፎጣው አፉ ላይ የለም፣ ጭንቅላቱ ላይ ነው። አንድ እጁን ሱሪ ኪሱ ከቶታል። ዞሮ ወደ ካሜራው ቀና አለና ረጅም ጊዜ አየኝ፣ ምላሱን አላወጣም።

ወደኔ ሲመጣ በእግሬ ቆሜ ጠበቅኩት። ዓይኑ ቀልቷል፣ መርዙ መርዙ ይሸታል፣ አዱኛ ነው፣ ድምፁም የአዱኛ ነው። «ማንም የለም» አለኝ። «በርሜሉን አንድ ባንድ አየሁት፣ ማንም የለም።»

«ለምን ሦስቴ አልደወልክም?»

«ደውያለሁ።»

«ሁለት ነው የሰማሁት።»

«እንግዲህ የሰማኸው ሁለት ከሆነ ለምን ከፈትክ?» አለኝ፣ ሳይስቅ፣ ሳይቆጣም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሐብሐብ አየና፣ «ይሄ ሐብሐብ የማን ነው?» አለኝ።

ይቀልዳል አልኩ። አዱኛ ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም ብዬህ የለ? «ያንተ ነው እንጂ» ብዬ በኃይል ሳቅሁ፣ እሱም «አዎ፣ ረሳሁት፣ አናቴን አዙሮኛል» አለና በግራ እጁ ብቻ አቅፎ ሄደ፣ ቀኙን ከኪሱ አላወጣም። በኋላ የክሊኒኩን ድሬሰር ስጠይቀው «ያ መርዝ እንኳን ሐብሐብ የናትህንም ስም ያስረሳል» አለኝ፣ እኔም ይህን ይዤ ለመተኛት ሞከርኩ።

በማግስቱ እጁን አየሁት፣ ጨርቁ የለም። «ጥሩ ፈታችልኝ» አለ። መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ፣ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፣ ቁስል ትሁን የእጅ መስመር ትሁን መለየት አልቻልኩም። «በአንድ ሌሊት?» ስለው «ደሜ ጥሩ ነው» አለኝ። እዚህ ቆላ ቁስል እንዴት እንደሚያመረቅዝ አንተም ታውቃለህ። ጥሩን ደግሞ ጨርቁን ፈታሽለት ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? እሷማ ደስ ብሏት ነበር፣ «አያ ዘለቀ፣ ባምያ ሲያይ ያቅለሸልሸው የነበረው ሰው አሁን ድስቱን ይጠርጋል» ትለኝ ነበር።

ካድሬው ምንም አላወቀም፣ ማንም አልተወሰደም፣ ከማከማቻውም የጎደለ ነገር አልተገኘም፣ በዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን፣ በቀትር፣ ሁሉም ባለ ካርድ ክበቡ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ እያየሁት፣ የውስጡ ደወል አንዴ ይጮኻል፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ይጮኻል፣ ከዚያ ይተዋል። ለፈረንጁ አስነገርኩ፣ ሽቦውን ፈታትቶ ገጠመና ሙቀት ነው አለ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አይጥ ነው አለ። አይጥ ይሁን። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሦስተኛውን ሳልሰማ ቀይዋን ነክቻት አላውቅም፣ የጎጃሙ ሰው «እሰይ፣ አመኑ» እያለ ይሳለቅብኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት በርሜሎቹ ተነሥተው ማከማቻው ሲታጠብ አብሬ ገባሁ፣ ገብቼ ማየት ነበረብኝ። ከኋለኛው ግድግዳ ሥር፣ በርሜል ቆሞበት ከነበረው ቦታ፣ አንድ ጨርቅ አነሣሁ። የሽርጤ ነው፣ ደም ደርቆበታል። አልተፈታም፣ በቢላም አልተቆረጠም፣ ቋጠሮው የኔው የጆንያ ቋጠሮ እንደሆነ ነው፣ ክብ ሆኖ፣ እጅ ከውስጡ ሟሙቶ የወጣ ይመስል። ላብ አሾልኮት ይሆናል። ይሆናል እኮ፣ እኔም አይሆንም አላልኩም። ማንም ሳያየኝ ኪሴ ከተትኩትና ማታ እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ለምን እንደጣልኩት አትጠይቀኝ።

ደርግ ወደቀ፣ እርሻው ተበተነ፣ ፈረንጁም ወደ አገሩ ገባ፣ ቴሌቪዥኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም። እኔና አዱኛ ገንዳ ውሃ ገብተን ጎን ለጎን ጎጆ ቀለስን፣ አጥር ብቻ ነው የሚለየን፣ ክርስትና ተነሣስተናል፣ ሚስቱን ጥሩን አብረን ቀብረናል፣ ደግ ሰው ነው፣ ከቀድሞውም ይልቅ ደግ ሰው ነው ብል አልዋሽም። ያን ቀን ግን አንሥተነው አናውቅም።

በዚህ በጋ ወባ ጣለው። አጠገቡ ተቀምጬ ውሃ እያጠጣሁት ሳለ እጄን ያዘኝ።

«አያ ዘለቀ።»

«አቤት።»

«ዕድሜ ልኬን ልጠይቅህ እያልኩ የተውኩት ነገር አለ። ያን ቀን ማንን ነው ያስወጣኸው?»

«አንተን ነዋ!» አልኩት፣ ጮኽ ብዬ።

«እንዴት አወቅክ?»

የውሃውን ኩባያ ወደ አፉ አስጠጋሁለት። አየኝ፣ ልክ ያኔ በካሜራው እንዳየኝ፣ እስኪያውቁት እንደሚጠብቅ እንግዳ። «እኔማ መልሱ አንተ ዘንድ ያለ መስሎኝ ነበር» አለኝ፣ «እኔ በሩ ሲከፈት አስታውሳለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን የማስታውሰው ጨለማና በርሜል ብቻ ነው፣ የእናቴን ቤት እንኳ ሰው ሲያወራልኝ ነው የማውቀው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትኩሳቱ ነው ያናገረው አልኩ። ከወባው ድኖ ተነሥቷል፣ አሁን ደህና ነው፣ ያንንም ንግግር ደግሞት አያውቅም።

የዚያን ማከማቻ የብረት በር ባለፈው ሰሞን ሰዎች ለቁርጥራጭ ብረት ነቅለው በሎሪ ወስደውታል ሲሉ ሰማሁ፣ ቤቱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል አሉ። እንግዲህ ውስጥ የቀረ ካለ የሚከፍትለት አያስፈልገውም፣ ወጥቷል ማለት ነው። ከወጣ ደግሞ ወደ ቤቱ ነው የሚመጣው፣ ሌላ ወዴት ይሄዳል? ቤቱ ከኔ አጥር ቀጥሎ ነው። እኔም ይኸው በየቀትሩ ደጄ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ፣ ሐብሐብ የታቀፈ ሰው ባየሁ ቁጥር እነሣለሁ፣ ቢመጣ ደግሞ የትኛውን ግባ፣ የትኛውን ውጣ እንደምል አላውቅም።